መልስ፦ የ4ኛ ክፍል ልጄን ደብል ላስመታው?

እህቴ፣ ልጅሽ ፈተናውን በአስር ደቂቃ ጨርሶ ክፍል እንደሚረብሽ፣ መምህሩም «ደብል ይምታና ስድስተኛ ይግባ» እንዳሉሽ ጽፈሻል። እኔ ቶሎ እሺ አትበይ ባይ ነኝ።

ራሴ ከሦስተኛ ወደ አምስተኛ ዘልዬ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበ። ክፍልፋይ የሚባለውን ነገር ግን ማንም ሳያስተምረኝ አለፈ። አንድ ቀን መምህሩ ሰሌዳ ላይ 3/4 ሲደመር 2/5 ጽፈው ጠሩኝ። ጠመኔዬን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሬ 5/9 ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ! ኳስ ላይም ትንሹ እኔ ስለሆንኩ ሁሌ በረኛ ነበርኩ፤ እሱስ ይቅር።

ስለዚህ መጀመሪያ የአምስተኛ ክፍልን የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ስጪው። ክፍተት ካለበት ይቆይ። መምህሩንም የተለየ ሥራ እንዲሰጡት ለምኛቸው። ሃያ ተመሳሳይ ጥያቄ መጨመር ግን ለልጁ ቅጣት ነው። አንድ ከባድ ይበቃል። ለምሳሌ ከ1 እስከ 100 ያለውን አንድ በአንድ ሳይደምር ድምሩን ያግኝ። የእኔ ልጅ ሁለት ቀን ታገለው። 1ን ከ100፣ 2ን ከ99 ማጣመር ሲገለጥለት ከአልጋው ዘሎ ወረደ። 50 ጥንድ፣ እያንዳንዱ 101፤ 5050!

ባሕር ዳር ነን ስላልሽ፣ ዩኒቨርሲቲው የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አለው። ልጁ ክፍል ከፍ ሲል ብቅ ብለሽ ጠይቂ።