መጠነ ሙቀትና የቅንጣቶች እንቅስቃሴ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር የቀረቡ ጥያቄዎች

በድሬዳዋ ፊዚክስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን ከሁሉ ይበልጥ ሲያደናግር ያየሁት ሙቀትንና መጠነ ሙቀትን ለይቶ ማወቅ ነው። ስለዚህ የዛሬው የመጀመሪያ ጥያቄ በዚሁ ላይ መሆኑ አስደስቶኛል።

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ)፦ መምህር፣ «የዛሬው ሙቀት 35 ነው» እንላለን። ሙቀትና መጠነ ሙቀት የተለያዩ ከሆኑ 35 የየትኛው ቁጥር ነው?

መልስ፦ የመጠነ ሙቀት ነው። ቁስ የተሠራባቸው አተሞችና ሞለኪውሎች ለአፍታ እንኳ አያርፉም፤ በጠጣር ውስጥ ባሉበት ሆነው ይርገበገባሉ፣ በፈሳሽ ውስጥ እየተንሸራተቱ ይዘዋወራሉ፣ በጋዝ ውስጥ ደግሞ እስኪጋጩ ድረስ በነፃነት ይበራሉ። መጠነ ሙቀት አንድ ቅንጣት በአማካይ ምን ያህል የእንቅስቃሴ ጉልበት እንዳለው ሲያመለክት፣ ሙቀት ግን ከሞቀው አካል ወደ ቀዘቀዘው የሚተላለፈው ጉልበት ነው። ከብየዳ የሚረጨውን ፍንጣሪ አስቢ፦ መጠነ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ቢበልጥም እጅግ ትንሽ ስለሆነ ለቆዳ የሚሰጠው ጉልበት ጥቂት ነው፤ በ96 ዲግሪ የፈላ አንድ ጀበና ውሃ ግን ቢደፋ ክፉኛ ያቃጥላል። 96 ያልኩት በስህተት አይደለም፤ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን ውሃ የሚፈላው በዚያ አካባቢ ነው።

ጥያቄ (ከዚያችው ተማሪ)፦ ጠዋት 20 ዲግሪ የነበረ አየር በቀትር 40 ቢደርስ የቅንጣቶቹ ጉልበት እጥፍ ሆነ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የሴልሺየስ ዜሮ ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበት ነጥብ እንጂ የእንቅስቃሴ መነሻ አይደለም። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1848 ባቀረበው ሐሳብ ላይ በተመሠረተውና ከሴልሺየስ ዜሮ በታች 273 ዲግሪ ገደማ ላይ በሚጀምረው መለኪያ 20 ዲግሪ 293 ኬልቪን፣ 40 ዲግሪ ደግሞ 313 ኬልቪን ነው። ስለዚህ አማካይ ጉልበቱ የሚጨምረው 7 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ፍጥነቱ የሚጨምረው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የአየር ሞለኪውሎች ጠዋትም ቢሆን በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ ይበርራሉ። ታዲያ የሚቆላ ቡና ሽታ ከጓዳ ሳሎን እስኪደርስ ለምን ይዘገያል ብትዪ፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል በሰከንድ በቢሊዮኖች ጊዜ እየተጋጨ አቅጣጫውን ስለሚቀይር ነው።

ጥያቄ (ሹፌር ነኝ)፦ ሐረር ላይ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ የዘጋሁት ባዶ ሃይላንድ በደንገጎ ወርጄ ድሬዳዋ ስደርስ ተጨማድዶ አገኘዋለሁ። ድሬዳዋ ሞቃት ከሆነች መንፋት አልነበረበትም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄዎ እጅግ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ኃይሎች ሲታገሉ ያሳየናል። የጋዝ ግፊት ማለት ሞለኪውሎች ግድግዳውን ያለማቋረጥ መምታታቸው ነው። ሐረር 20 ዲግሪ የነበረው የታሸገ አየር ድሬዳዋ ላይ 33 ዲግሪ ቢደርስ፣ ሞለኪውሎቹ ግድግዳውን በብርታትም በብዛትም ስለሚመቱት የውስጡ ግፊት ከ4 በመቶ በላይ ከፍ ሊል ይችላል። ነገር ግን ከሐረር ወደ 700 ሜትር ያህል ስለወረዱ፣ ከላይ የሚጫነው አየር በመብዛቱ የውጩ ግፊት 8 ወይም 9 በመቶ ይጨምራል። ትግሉን ውጩ ያሸንፋል፤ ፕላስቲኩም ይጨማደዳል። በሙቀት ብቻ ሲነፋ ማየት ከፈለጉ ድሬዳዋ ላይ በማለዳ ዘግተው ፀሐይ ላይ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ቅንጣቶቹ የማይታዩ ከሆነ መንቀሳቀሳቸው በምን ታወቀ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1827 ሮበርት ብራውን የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ከአበባ ብናኝ የወጡ ደቃቅ ነገሮች ውሃ ላይ ያለ ዕረፍት ሲንቀጠቀጡ በማይክሮስኮፕ አየ። ሕይወት ያላቸው መስሎት እንዳይሆን ሲል የድንጋይ ዱቄትም ሞከረ፤ እሱም ተንቀጠቀጠ። በ1905 አልበርት አንስታይን ይህ የሚሆነው የውሃ ሞለኪውሎች ብናኙን ከየአቅጣጫው ሳይመጣጠኑ ስለሚገፉት መሆኑን በሒሳብ አስረዳ፤ ዣን ፔረን ደግሞ በልኬት አረጋገጠው፤ በ1926ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ በጥቂት ጠብታ ወተት ይህንኑ ለተማሪዎቹ ቢያሳይ እመኛለሁ፤ ከብዙ ገለጻ ይልቅ ያ አንድ እይታ ያሳምናል።

ጥያቄ፦ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል?

መልስ፦ ወደዚያ መቅረብ ይቻላል፤ መድረስ ግን አይቻልም። እዚያም ቢሆን የአተሞችን ዓለም በሚገዛው በኳንተም ሕግ መሠረት ጥቂት እንቅስቃሴ ይቀራል።

ጥያቄ (ከሐረር ጀጎል)፦ ልጄ፣ እናቴ በእንስራ የምታስቀምጠው ውሃ ቤቱ ሞቆ ሳለ ይቀዘቅዝ ነበር። የኔ አዲሱ እንስራ ግን ውጩን ዘይት ቀለም ከቀባሁት ወዲህ አያቀዘቅዝም። ለምን ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ መልሱ ከቀለሙ ላይ ነው። ውሃው በሸክላው ደቃቅ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ሠርጎ ይተናል፤ ከፈሳሹ አምልጠው የሚወጡት ከሌሎቹ የፈጠኑት ሞለኪውሎች ናቸው። ፈጣኖቹ ሲሄዱ የቀሩት አማካይ ጉልበታቸው ስለሚያንስ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ አንድ ግራም ውሃ ሲተን ከ500 ግራም የሚበልጥ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ጉልበት ይዞ ይሄዳል። ዘይት ቀለም ቀዳዳዎቹን ስለደፈናቸው ትነቱ ቆሟል። ቀለም ያልነካው እንስራ ይጠቀሙ፤ ጥላና ነፋስ ባለበትም ያስቀምጡት፤ ነፋሱ የተነነውን እርጥበት ካልወሰደው ብዙዎቹ ሞለኪውሎች ተመልሰው ወደ ውሃው ይገባሉ።