ሕመም ሳይሰማ የካንሰር ምርመራ ለምን ያስፈልጋል?
ጠያቂያችን «ምንም ሕመም ሳይሰማኝ የካንሰር ምርመራ ማድረግ ምን ይጠቅመኛል?» ብለዋል። ቅድመ ምርመራ የሚታሰበው በተለይ እንደ እርስዎ ምንም ምልክት ላልታየበት ሰው ነው፤ ብዙዎቹ ካንሰሮች በጅማሬያቸው አያሙም፣ ሕመሙ በሚሰማበት ጊዜ ደግሞ ዕጢው አድጎ ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭቶ ሊገኝ ይችላል።

የማህፀን በር ካንሰርን ብንመለከት፣ መንስኤው በአብዛኛው በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሲሆን፣ በሽታ የመከላከል አቅሟ ባልተዳከመ ሴት ላይ ካንሰሩ እስኪፈጠር ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የሕዋሳቱ ለውጥ ከተገኘ በቀላል ሕክምና ማስወገድ ስለሚቻል፣ ምርመራው በሽታውን ቀድሞ ከማግኘት አልፎ ጭራሹኑ እንዳይፈጠር ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሴቶች ከ30 ዓመት ጀምሮ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ደግሞ ለውጡ ስለሚፈጥንባቸው ከ25 ዓመት ጀምሮ እንዲመረመሩ ይመክራል። በትልቁ አንጀት ላይም በኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀትን ከውስጥ በሚያሳይ ምርመራ) የታየ ፖሊፕ፣ ማለትም ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ትንሽ የሥጋ እድገት፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል።

ሆኖም ያገኙትን ምርመራ ሁሉ እንዲያደርጉ አልመክርም፤ ለሁሉም ካንሰር ጥቅሙ የተረጋገጠ ቅድመ ምርመራ የለም፣ ያለ አግባብ የተደረገ ምርመራም የሌለውን በሽታ አለ ብሎ ለከንቱ ጭንቀት ሊዳርግ ይችላል። ዕድሜዎን፣ የቤተሰብዎን የሕመም ታሪክና ሲጋራ የሚያጨሱ መሆን አለመሆንዎን ለሐኪም ነግረው የሚስማማዎትን ይምረጡ፤ በጡት ላይ እብጠት፣ ያልተለመደ የደም መፍሰስ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ካዩ ግን፣ እባክዎ የምርመራ ጊዜዎ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ፈጥነው ወደ ሐኪም ይሂዱ።