ኩላሊት ከተተከለ በኋላ የጠዋቱ ስኳር ብቻ አይበቃም

«ወንድሜ ኩላሊት ከተተከለለት ሁለት ወሩ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆዱ ስኳሩ 96 ነው፤ ታዲያ ምን ያሰጋዋል?» ላሉት፦

96 ጥሩ ነው፤ ግን ሙሉውን አያሳይም። ፕሬድኒሶሎን (ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚሰጥ መድኃኒት) ጠዋት ሲወሰድ ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ከቀትር በኋላና ወደ ማታ ነው፤ ሌሊት መልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ከምሳ 2 ሰዓት በኋላና ከእራት በፊትም ይለካ። በባዶ ሆድ 126፣ ወይም ከምግብ በኋላ 200 ከደረሰ ወይም ካለፈ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ለሐኪሙ ንገሩ። የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው የደም ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙም አይታመንም፤ ደም ማነስና ደም መውሰድ ውጤቱን ያዛቡታል።

ሌላው ኩላሊቱ እንዳይገፋ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ታክሮሊመስም፣ ቆሽት ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙን ያዳክማል። ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን በራሱ የሚቀንስ አይጠፋም፤ ከዚህ የባሰ ስህተት የለም። ስኳር ይታከማል፤ ሰውነት የገፋው ኩላሊት ግን ላይመለስ ይችላል። መጠኑን ሐኪሙ በደም ምርመራ እያየ ያስተካክለው።

ከእናንተ የሚጠበቀው ክብደቱን መጠበቅ ነው። ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ በዲያሊሲስ (በኩላሊት እጥበት) ጊዜ የተከለከለው ሁሉ ሲፈቀድ ደግሞ ኪሎው ሳይታወቅ ይጨምራል። «ፈሳሽ አብዛ» ሲባል ውኃ ማለት ነው፤ ጭማቂና ለስላሳ አይደለም። (ግሬፕፍሩት ጭራሽ አይነካ፤ የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል።) ቁስሉ ድኖ ሐኪሙ ሲፈቅድ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ይራመድ፤ በተለይ ከምሳ በኋላ።