ሲያልፍ ብቻ ክፈሉ

«ጋሼ፣ ተማሪው ስኮላርሺፕ ሲያገኝ ብቻ ብናስከፍልስ?» አለኝ ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አሜሪካ ኮሌጅ ለሚያመለክቱ ልጆች ኤሴይ፣ ማለትም ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሳቸው የሚልኩትን ጽሑፍ፣ የሚያግዝ ቢሮ ሊከፍት ነው። ሐሳቡ ደግ ይመስላል። ድሃው ሳይፈራ ይመጣል፤ ካልተሳካለት አይከፍልም። መልስ ሳልሰጠው ቡናዬን ጨርሼ ተነሣሁ። ሳይገርመው አልቀረም።

በ2001 ዓ.ም. እኔም እንደዚያው ነበር የምሠራው። አራት ኪሎ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሲፈልገው የሚመጣ ኢንተርኔት። በሩ ላይ «ሲያልፍ ብቻ ክፈሉ» ብዬ ለጥፌያለሁ። አንዲት ልጅ መጣች። አባቷ ሱቅ በደረቴ ነው፤ ማስቲካና ሲጋራ በሣጥን አንግቶ ይዞራል።

የጻፈችው ስለ ሳንቲም ነበር። ማታ ማታ አባቷ የቀኑን ሽያጭ ሰፌድ ላይ ይዘረግፋል። እሷ አምስቱን ከአምስት፣ አሥሩን ከአሥር ትለያለች። ማባዛት የተማረችው እዚያ ነው። ጠዋት ዝርዝሩን ለታክሲ ረዳቶች ይሸጡታል። ሃምሳ ሳንቲም መሬት ሲወድቅ አባቷ ዞር ሳይል በድምፁ ያውቀዋል።

አነበብኩትና «ይሄ ማንን ያስለቅሳል?» አልኳት። እኔ የማገኘው እሷ ካለፈች ነዋ! ቁጭ ብዬ አባቷን ገደልኩት። ዘጠነኛ ክፍል እያለች፣ በሳንባ ነቀርሳ። የሌሏትን ሁለት ታናናሽ ወንድሞችም ጨመርኩላት፤ ታሳድጋቸው ብዬ።

«አባዬ ቢያውቅስ?» አለችኝ።

«እንግሊዝኛ አያነብ፣ በምን ያውቃል?» አልኳት።

አለፈች። ሙሉ ስኮላርሺፕ። አባትየው እቁቡን አስቀድሞ አውጥቶ መጣ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠና «መምህር፣ ልጄን ያሳለፋትን ጽሑፍ እስቲ በአማርኛ ያንብቡልኝ» አለኝ።

ወረቀቱን አወጣሁ። የሱ መርዶ ነው። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ የሳንቲሙን ታሪክ በቃሌ ነገርኩት፤ የጣልኩትን። አንዲት ነገር አልጠፋችኝም። «ሃምሳዋንም ጻፈቻት?» ብሎ ሳቀ። ልጅቷ በሩ ጋ ቆማ ወለሉን ታያለች። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ሰጠኝ። ተቀበልኩት።

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጥላ ሥር የሚቀመጡትን ማመልከቻ ጻፊዎች አስታወስኩ። አጎቴ አንዱ ነበር፤ የጽሕፈት መኪናው «ረ» ፊደል ትዘል ስለነበር በእጁ ይሞላታል። የሚያስከፍለው በገጽ ነው። ባለጉዳዩ ረታም ተረታም ዋጋው ያው ነው። ያኔ የፈሪ ንግድ ይመስለኝ ነበር።

እናንተም በሰዓት አስከፍሉ፣ መጀመሪያውኑ። ድሃ ከመጣ በነጻ አግዙት፤ ብቻ ውጤቱ ላይ ድርሻ አይኑራችሁ። ስለ ሰዋስውና ስለ ማስታወቂያ አልመክራችሁም፣ ከእኔ ታውቃላችሁ። ገበያው ግን ወቅታዊ ነው። የመጀመሪያው ዙር ለብዙዎቹ ኮሌጆች ጥቅምት 22፣ ዋናው ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይዘጋል። ከጥር በኋላ በር ላይ ዝንብ ነው የምትጠብቁት። የቤት ኪራዩን ቀድማችሁ አስቡት።

የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላቸውም። ኮመን አፕ፣ ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ የኢንተርኔት ማመልከቻ፣ ለኤሴይ የሚፈቅደው እስከ 650 ቃል ነው፤ እሱንም ለቻትጂፒቲ ይሰጡታል። ከዚያ «የራሴ ሥራ ነው» ብለው ይፈርማሉ። ግን እኔ ምን አፍ አለኝ? ያኔ ቻትጂፒቲው እኔ ነበርኩ፣ ያውም በእቁብ ብር። እሷም ፈርማለች። ኮሌጁ ቢደርስበት የምትባረረው እሷ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

ለማንም አንድ ዐረፍተ ነገር አትጻፉ። እውነቱን ለመናገር እኔ አሁንም አንዳንዴ መግቢያዋን አስተካክላለሁ፤ እጅ አያርፍም። የልጁን የመጀመሪያ ረቂቅ ግን፣ ስህተቱም ስርዙም እንዳለ፣ ፋይል አድርጉት።

ልጅቷ ከሄደች ከአራት ዓመት በኋላ ኢሜይል ጻፈችልኝ። አባቷ ማረፉን ነገረችኝ። የሳንቲሙን ጽሑፍ አስቀምጠውት ከሆነ ይላኩልኝ አለች።

አላስቀመጥኩትም ነበር።