የከሰሉ ክብደት የት ገባ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። «የልጄ መምህር ቁስ አይጠፋም ብለዋታል። እኔ አንድ ኪሎ ከሰል አንድጄ የቀረኝ አንድ ጭብጥ አመድ ነው። ምን ልበላት?» ነው ያልሽው። 9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሳስተምር በየዓመቱ ይቺው ጥያቄ ትመጣብኝ ነበር።

ክብደቱ ከአየር ጋር ሄዷል። ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ሲነድ ኦክስጅን ይወስድና የማይታይ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። 12 ግራም ካርቦን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር 44 ግራም ጋዝ ይወጣዋል። ከምድጃሽ የወጣው ጋዝ ከነደደው ካርቦን ሦስት እጥፍ በላይ ይመዝናል ማለት ነው። አመዱ ድሮም የማይነድ ማዕድን ነው።

«ጋዝ ደግሞ ይመዘናል እንዴ?» ማለቷ አይቀርም። አሳያት። ግን እንደኔ ጉድ እንዳትሆኚ።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ጠርሙስ ውስጥ አቸቶ፣ ፊኛ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ አድርጌ ፊኛውን አፉ ላይ አጠበቅኩና ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ሶዳው ሲወርድ ፊኛው ተነፋ። ሚዛኑ ቀነሰ! «ቲቸር፣ ጠፋ!» ብሎ ክፍሉ ተንጫጫ። ፊኛው የሚያፈስ መስሎኝ ሦስቴ ቀየርኩት። ለካ የተነፋ ፊኛን አየሩ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውሃ እንጨትን እንደሚያንሳፍፈው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ያህል የተነፋ ፊኛ 0.9 ግራም ገደማ ቀሎ ይታያል።

ስለዚህ የማይነፋ ዕቃ ያስፈልግሻል። የለስላሳ ግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሻላል፤ የውሃው ሃይላንድ ስስ ነው፣ ተዪው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ አቸቶ ጨምሪ። 2 ግራም ሶዳ በሶፍት ጠቅልለሽ ክተቺና ቶሎ ክደኚው። ከዚያ በላይ ሶዳ አታድርጊ፣ ሊፈነዳ ይችላል። ትንሿ የኪስ ሚዛን ላይ መዝኚ፣ ነቅንቂ፣ እንደገና መዝኚ። ያው ነው። ቀስ ብለሽ ስትከፍቺው «ጭስስ» ይላል፤ ያኔ ይቀንሳል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዋዚዬ በ1774 እ.ኤ.አ. ቆርቆሮ (ቲን የሚባለውን ብረት) በታሸገ የብርጭቆ ዕቃ አሙቆ ያየው ተመሳሳይ ነው፤ የሱ ግን ሲከፈት አየር ስለገባበት ጨመረ።

«የሚዋሃዱት ነገሮች መጠን ለምን ሁልጊዜ አንድ ይሆናል?» ላልሽው፣ ወጥ አይደለማ፣ እንደ እጅሽ ልክ አይጨመርም። 84 ግራም ሶዳ ከአቸቶው አሲድ 60 ግራም ይፈልጋል። አቸቶው ካለቀ ሶዳ ብትጨምሪ ሥሩ ይዘቅጣል እንጂ አረፋ የለም።

ከሰሉም እንደዚያው ነው። አየር ሲያንሰው 12 ግራም ካርቦን 16 ግራም ኦክስጅን ይዞ ሌላ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። መሃል ላይ፣ 20 ወይም 25 የሚይዝ የለም። ይሄኛው ሽታም ቀለምም የለውም፤ በር ዘግተው ያደሩትን ሰዎች የሚገድለው እሱ ነው። ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል ብለሽ ማታ ምድጃውን ወደ ቤት እንዳታስገቢ።