ቦቴው «ደርቋል» ላልከኝ ልጅ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የቆመ አሮጌ የናፍጣ ቦቴ ለቁርጥራጭ ገዛሁ። ብረቱን የሚረከበኝ ሰው ከአንድ ሜትር የበለጠ አልወስድም አለ። ትልቅ ግራይንደር አለኝ፤ የጋዝ መቁረጫም እከራያለሁ። በየቱ ልቁረጠው? ታንኩ ከቆመ ዓመት ስላለፈው ደርቋል።»

አቦ፣ ያስደነገጠኝ «ደርቋል» ያልከው ነው። ናፍጣ ዝገትና ዝቃጭ ውስጥ ሰርጎ ይቀመጣል፤ በእጅህ ስትነካው ደረቅ ነው፣ እሳት ሲያሞቀው ግን ይተናል። ትነቱ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ታንኩ ቦምብ ሆነ ማለት ነው። ግራይንደርም አያድንህም፤ ፍንጣሪው ያው እሳት ነው። «በውሃ አለቅልቀው» የሚልህንም አትስማ፤ ቦቴ ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ስለሆነ ውሃው ጥጋጥጉን አያገኘውም። ታንክ በእንፋሎት አጥቦ፣ ውስጡን በጋዝ መለኪያ የሚፈትሽ ባለሙያ ካላገኘህ ብሎኖቹን ፈትተህ ታንኩን እንዳለ ሽጠው። ምን ይጭን እንደነበርም ለገዢው ንገረው። በዋጋ ትጎዳለህ፣ ግድ የለም።

ሻሲው የጋዝ ሥራ ነው። በግራይንደር ብትሞክረው ብረቱ ወደ መሐል ሲረግብ ዲስኩን ነክሶ ይይዘዋል፣ ማሽኑም ወዳንተ ይዘላል። የትኛው ጫፍ እንደሚወድቅ ሳታውቅ፣ ሁለቱንም ወገን ሳትደግፍ አትጀምር። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የ1 ሴንቲ ሜትር ላሜራ 78 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እግርህን ከሱ ራቅ አድርግ።

ሞተሩን ፍታው እንጂ አትቁረጠው። ብሎኩ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ከሆነ ጋዝ አይቆርጠውም፤ ያቀልጠዋል እንጂ። ኦክስጅንህን በከንቱ ታቃጥላለህ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የኋላ ጎማዎቹን የፍሬን ቻምበር ነው። በውስጡ የታመቀ ኃይለኛ ስፕሪንግ አለ፤ ክዳኑን ከከፈትክ ወይም ከቆረጥክ እንደ ጥይት ይወጣል። የአየር ፍሬን ጋኖቹን አስተንፍስ፣ ሾክ አብሶርበሮቹንም በእሳት አትንካ።

ጋዙን ስትከራይ፣ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ በሁለቱም የጋዝ ቱቦ ላይ መኖሩን እይ፤ ከሌለ ትተህ ሂድ። አሴቲሊኑን (የሚነደውን ጋዝ) ከ1 ባር ግፊት በላይ አታስኬደው፣ ሲሊንደሩንም አታጋድመው። የኦክስጅን ቫልቭ በዘይት እጅ አይነካም፤ ግራሶ ካገኘው ይነዳል። በድሬ ፀሐይ ደግሞ ሲሊንደር ጥላ ይፈልጋል።

የግራይንደሩን ነገር ልጨምር፦ ትልቁን ዲስክ ትንሹ ማሽን ላይ መከለያውን ፈትተው የሚያስሩ አሉ። ባለ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚችለው በደቂቃ 6,600 ዙር አካባቢ ነው፤ ትንሹ ማሽን ግን እስከ 11,000 ይሄዳል። እኔም በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ፤ አገጬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው።

ነገ ፀሐይ ሳይበረታ ቁልፍና መዶሻ ይዘህ ውጣ፣ የሚፈታውን ሁሉ ፍታ። ጋዙን ገና አትከራይ።