በውቅያኖስ ላይ ፕላስቲክ ለመቁጠር ለምትወጡ ልጆቼ

መረብ ጥሎ መጎተት ማንም በአንድ ቀን ይለምደዋል። የሚከብደው መረቡ ያወጣው ቁጥር ነገ ሌላ ሰው ሲያነበው እንዲታመን ማድረጉ ነው።

ማንታ የምንለው መረብ በሁለት ክንፎቹ እየተንሳፈፈ አፉን ከውሃው ፊት ጋር ያስተካክላል። የወንፊቱ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 0.33 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀጫጭን ክሮች ሾልከው ይሄዳሉ። ውጤታችሁን ስትጽፉ የቀዳዳውን ልክ አብራችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ ከሌላ ሰው ውጤት ጋር ማወዳደር አይቻልም። መረቡን ከመርከቧ ጎን፣ ራቅ አድርጋችሁ ጎትቱት። ከኋላ ከሆነ የምትለኩት ፕሮፔለሩ ያማሰለውን ውሃ ነው።

ሒሳቡን በእጃችሁ ሥሩት። በ2 ኖት ፍጥነት (አንድ ኖት በሰዓት 1,852 ሜትር ነው) 30 ደቂቃ ሲጎተት 1,852 ሜትር ይሆናል። የመረቡ አፍ ስፋት 0.6 ሜትር ከሆነ የተጠረገው 1,111 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። 50 ቁራጭ ብታገኙ በካሬ ኪሎ ሜትር 45,000 ያህል ማለት ነው። አንዲት ቁራጭ ከእጃችሁ ስትወድቅ እንግዲህ 900 ጠፋ!

ርቀቱን ከጂፒኤስ ብቻ አትውሰዱ፤ እሱ የመርከቧን ጉዞ እንጂ የውሃውን እንቅስቃሴ አያውቅም። የመረቡ አፍ ላይ የሚታሰረውን የፍሰት ቆጣሪ ከመጣላችሁ በፊትና እንዳወጣችሁ አንብቡ። መረቡ ተንጠልጥሎ ሲቆይ ነፋስ ቆጣሪውን ያሽከረክረዋልና በጣታችሁ ያዙት። ጄሊፊሽ ሲበዛ ወንፊቱ ይደፈናል፣ ውሃውም በመረቡ ውስጥ ማለፉን ትቶ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ጉተታውን ወደ 15 ደቂቃ አሳጥሩት።

ከሁሉም በላይ አደራ የምላችሁ ነፋስን ነው። ፖሊኢታይሊንና ፖሊፕሮፒሊን የሚባሉት የፕላስቲክ ዓይነቶች ከባሕር ውሃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ፤ ነፋስ ሲበረታ ግን ማዕበሉ ቁልቁል ያወርዳቸዋል። መረባችሁ ጥቂት ያወጣል፣ ፕላስቲኩ ግን እዚያው ከሥር ነው። በነፋሻ ቀን የተቆጠረን ከጸጥተኛ ቀን ጋር እንዲሁ ማነጻጸር ባሕሩ ጸዳ ብሎ እንደ መመስከር ነው። የነፋሱ ፍጥነት በእያንዳንዱ ጉተታ አጠገብ ይጻፍ።

መረቡን በውሃ ጎማ ስታጥቡ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሁን፤ የምታጥቡበት ውሃ ራሱ ቁራጭ ቢይዝ ወንፊቱ ውጭ ያስቀረዋል። የመርከቧን ቀለምና የገመዷን ክር ናሙና በትንሽ ጠርሙስ ያዙ፤ በማይክሮስኮፕ ስር ሰማያዊ ቅርፊት ስታዩ የባሕሩ ይሁን የራሳችሁ መርከብ ትለዩበታላችሁ። እርጥብ ማጣሪያ ወረቀትም ክፍት ሳህን ላይ አስቀምጡ፤ ከልብሳችሁ የሚረግፈው ክር እዚያ ይታያል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥጋና አልጌውን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ስታሟሙ ከብረት ሰልፌት ጋር በራሱ ይግላል፤ ከገነፈለ ናሙናው አብሮ ይፈስሳል፣ ስለዚህ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ዓይን ይሳሳታል፤ ከለያችሁት ውስጥ የተወሰነውን የፕላስቲክን ዓይነት በሚለየው የኢንፍራሬድ ብርሃን መሣሪያ አረጋግጡ።

ባዶ የወጣ መረብ ሲያጋጥማችሁ ደግሞ ቀኑን፣ ቦታውንና ነፋሱን ሞልታችሁ በቁጥሩ ቦታ 0 ጻፉ። ባዶዎቹን የሚጥል ሰው አማካዩን ሳያውቀው ያሳብጠዋል።